ፖስታው አለ፣ ራጁ የለም

እናቴ ፌስታል አትጥልም። ራጉኤል ጀርባ ያለችው አንድ ክፍል ቤታችን ባለቤቶች ሦስት ማዳበሪያ ሙሉ ፌስታሎች ናቸው፤ እኔና እሷ ደባል ነን። ደግሞ ማዕረግ አላቸው። ሽንኩርት የመጣበት ስስ ፌስታል ታጥቦ ከቀሚሴ ጎን ገመድ ላይ ይሰቀላል። ስኳር የመጣበት ካኪ ፍራሽ ስር ይገባል፤ ተኝተንበት እንተኩሰዋለን። ከቡቲክ የመጣው ባለገመዱማ የክብር እንግዳ ስለሆነ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ይኖራል እንጂ ሥራ አይነካም።

ፌስታል ሊከለከል ነው የተባለ ቀን ሌላው ሰው ተጨነቀ። እሷ ፈገግ አለች። "ቆይ ብቻ፣ ሲጠፋ መርካቶ በሙሉ እኔ ጋ ይሰለፋል።"

ባለፈው ክረምት ሳል ያዛትና ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ ራጅ አስነስቶ አየና ሳንባዋ ላይ ነጥብ አገኘ። ከሁለት ዓመት በፊትም ራጅ እንደተነሳች ስንነግረው ወደ እኔ ዘወር ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የድሮውን ይዛችሁ ኑ። ነጥቡ ያኔም ከነበረና ካላደገ ጠባሳ ነው። ካልነበረ ግን ካንሰር እንዳይሆን ናሙና መውሰድ አለብን።" እናቴ ኮራ ብላ፣ "አለ! እኔ ቤት ደግሞ ምን ይጠፋል?" አለች።

እውነቷን ነው፣ ምንም አይጠፋም። ሦስቱንም ማዳበሪያ ወለሉ ላይ ዘረገፍኩ። ትልቁን ቡናማ የራጅ ፖስታ ስሟ እንደተጻፈበት አገኘሁት፣ ተመስገን ብዬ እጄን ሰደድኩ። አራት ካኪና አንድ የጫማ ቤት ፌስታል ወጡ።

"ራጁስ?"

"ፖስታው ጠንካራ ስለሆነ አስቀመጥኩት።"

"እማዬ፣ ራጁስ?"

"እሱማ ምን ይያዝበታል?"

ኧረ በስመ አብ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር። የሽንኩርት ፌስታል አጥባ የምታስቀምጥ ሴት የገዛ ሳንባዋን ጥላ መያዣውን አስቀምጣለች! ጮህኩባት። ይሄን ጉድሽን ነገ ጠዋት ለቁራሌው ነው የምሰጥልሽ አልኳት። የበተንኩትን ፌስታል ማጣጠፍ ጀመረች፤ ግን ያንኑ አንዱን አጥፋ ትፈታዋለች፣ መልሳ ታጥፈዋለች። ያን ጊዜ ነው እሷም እንደፈራች የገባኝ። ምነው አፌን በቆረጠው።

ከፌስታሉ ቀና ብላ፣ "እኔ ዕቃ ጥዬ አውቃለሁ? ሰጠሁት እንጂ" አለች፣ በአገጯ ወደ ውጭ እያሳየች።

ወጣሁ። ከግቢው ማዶ ያሉት አሮጊት ጎረቤታችን መስኮት አንዱ መስታወት ከተሰበረ ቆይቷል። ቦታው ላይ አንድ ጥቁር ነገር በምስማር ተመትቶበታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ፊቴን ስታጠብ የማየው ያ ጥቁር ነገር የእናቴ ደረት ኖሯል! ቀረብ ብዬ ሳየው የጎድን አጥንቶቿን ቆጠርኳቸው።

"እትዬ፣ መስኮትዎን ልወስድብዎት ነው" አልኩና ነገሩን ነገርኳቸው።

ሳልጨርስ ምስማሩን በራሳቸው እጅ መንቀል ጀመሩ። "ውሰጂ ልጄ፣ ውሰጂ! ብርዱ እንደሁ ይለመዳል።"

ዝናቡ ይወርድ ነበር። ራጁን ደረቴ ላይ ለጥፌ ሮጬ ገባሁና በሕይወቴ እጠይቃለሁ ብዬ ያላሰብኩትን ጠየቅኩ። "እማዬ፣ ፌስታል አለሽ?"

ወፍራሙን መርጣ አወጣች፣ ደረበችበትና አፉን አሰረችው።

በማግስቱ ሐኪሙ ጥቀርሻውን በጥጥ ጠርጎ አሮጌውን ከአዲሱ ጎን ሰቀለው። ነጥቡን ሁለቱም ላይ በማስመሪያ ለካ። "ያኔም ነበረ። ምንም አላደገም፣ የድሮ ጠባሳ ነው" አለ። እዚያው ሐኪሙ ፊት እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች ሁለታችንንም ገላመጠችን። "ሁለት ዓመት የሰው ቤት ብርድ የመከተ ሳንባ ምን ይሆናል ብላችሁ ነው?"

ሁለቱም ራጆች አሁን በዚያው ፖስታ ውስጥ ናቸው፣ ፖስታውም እኔ ጋ ነው። ለእትዬ መስኮት መስታወት አስቆርጬ አመጣሁ። ሻጩ በወፍራም ካርቶን ጠቅልሎ ነበር የሰጠኝ። ካርቶኑን እናቴ ሳትጠይቀኝ ራሴ አጥፌ ፍራሻችን ስር ከተትኩት።