አሥር ቅጠል ሳይቀጠፍ

ሦስተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ከትምህርት ቤት ያመጣችው ደብተር ላይ «የተፈጥሮ ማስታወሻዬ» ይላል። የመጀመሪያው ሥራ አሥር ዓይነት ቅጠል ቀጥፎ መለጠፍ ነው፤ ከአሥር ይታረማል። እኛ በምንኖርበት የሐዋሳ ሰፈር ደግሞ አሥር ዓይነት ዛፍ የሚገኘው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ብቻ ነው።

«ከዚያስ አይቀጠፍም» አልኋት።

«እማ፣ ቅጠል እኮ ነው! የወደቀስ?»

«የወደቀውም የግቢው ነው።»

እኔ ያደግሁት ጋይንት ነው። እዚያ የደብር ዛፍ የታቦቱ ነው። በልጅነቴ ጥጃ ልነዳበት ከደብሩ ወይራ አንዲት ቀንበጥ ሰብሬ ቤት ብገባ፣ አባቴ በመጣሁበት እግሬ መለሰኝ። ቀንበጡን ከዛፉ ሥር አኑሬ ይቅርታ እስክጠይቅ ከበሩ ቆሞ ጠበቀኝ። አልመታኝም። መትቶኝ ቢሆን ይሄኔ ረስቼው ነበር።

ጎረቤቶቼ «እዚህ ማን ያይሻል?» ይሉኛል። ማን እንደሚያየኝማ አውቃለሁ።

ስለዚህ ከቅዳሴ በኋላ እርሳስና ደብተሯን አስይዤ ግቢው ውስጥ አስቀመጥኋት። እኔ ቅርንጫፉን ዝቅ አድርጌ እይዛለሁ፣ እሷ ትስላለች። የመጀመሪያውን ቀን አኩርፋ ነበር የሣለችው። በሦስተኛው እሑድ ግን በዋንዛው ቅጠል ላይ ትል የበላውን ቀዳዳ አንድ በአንድ እየቆጠረች «ቆይ እማ፣ እንዳትለቂው!» ትለኝ ጀመር። ክንዴ ዛለ። ሽማግሌው የግቢ ዘበኛ በአጠገባችን ሲያልፉ «ልጄ፣ ዛፉ እንዳያመልጥሽ ነው?» አሉኝ።

ደብተሩ ታርሞ ሲመለስ ከአሥር ዜሮ። ልጄ አለቀሰች። የከበደኝ ይሄ ነው፤ ሕጉ የእኔ፣ ዜሮው የእሷ። በማግስቱ አብሬያት ሄድሁ። መምህሯ ወጣት ነው፣ ክፉ ሰውም አይደለም።

«ሥዕሉ ያምራል። ግን ለጥፉ ነው ያልነው፤ ቅጠሉ የታለ?» አለ።

አፌን ሳልከፍት ልጄ ቀደመችኝ። «ዛፉ ላይ ነዋ ቲቸር! ሄደው ይዩት።»

ሳቀ። በሌሎቹ ልጆች ላይ ግን አድልዎ ይሆናል ብሎ ዜሮውን አልሰረዘም። እኔም አልለመንሁም። «የወላጅ አስተያየት» ከሚለው ሥር «አይቻለሁ። እኛ ሳንቀጥፍ እንሠራለን» ብዬ ጻፍሁና ፈረምሁ።

የሚቀጥለው ሥራ አምስት አበባ ቀጥፎ መለጠፍ ነው። ልጄ ከአሁኑ እርሳሷን እየቀረጸች ነው።