የእህቴ የዓይን ጥግ

ቶሮንቶ ውስጥ፣ ፓርክዴል በተከራየኋት ክፍል መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ከመስታወቱ በላይ ያለውን አምፖል ፈትቼ መሳቢያ ውስጥ ከከተትኩት ዓመት አልፎት ነበር። ጥርሴን ለመቦረሽ ከኮሪደሩ የሚገባው ብርሃን ይበቃኛል። ሰው ሲመጣብኝ "ተቃጥሎ ነው፣ ነገ እቀይረዋለሁ" እላለሁ። አንዴ መዋሸት የጀመረ ሰው ለአምፖልም ይዋሻል።

ከመስታወት የሸሸሁት ለአንዲት ትንሽ ቦታ ስል ነው። በአፍንጫዬ ግራና ቀኝ፣ የላይኛው የዓይን ቆቤ ወደ ታች ወርዶ የዓይኔን ጥግ ሸፈን የሚያደርግበት እጥፋት ነበረኝ። ከስንዴ ፍሬ አይበልጥም። የአባታችን ነው፤ ለእኔና ለታላቅ እህቴ እኩል አካፍሎን ሞተ፣ ሌላ ያወረሰን ነገር የለም። አዲስ አበባ ተማሪ ቤት "ቻይናዋ" ይሉን ነበር። እህቴ ዞር ብላ የተሳዳቢውን ጆሮ፣ ጥርስና አረማመድ አንድ በአንድ ትዘረዝርለታለች፤ ከዚያ ወዲያ አይለምደውም። እኔ ግን ቃሉን ይዤ ቤት እገባለሁ። መስታወት ፊት ቆሜ የአፍንጫዬን አናት በሁለት ጣቴ ቆንጠጥ አድርጌ ስስበው እጥፋቱ ይጠፋል፣ ዓይኔ ሞላ ይላል። ስለቀው ይመለሳል። ልጅነቴን እንዲህ ስቆነጥጥ አሳለፍኩት።

እህቴ ስፖንሰር አድርጋኝ ቶሮንቶ ከመጣሁ በኋላ ባንክ ተቀጠርኩ። ሥራው ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ተቀምጦ ከሰው ጋር ፊት ለፊት መተያየት ነው። በአራተኛው ዓመት፣ ጣቴ የሚያደርገውን ቢላ ያድርገው ብዬ መሃል ከተማ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ጠዋት ገብቼ ከሰዓት ወጣሁ። ማንንም አላማከርኩም፤ ሐኪሙንም የመረጥኩት ቶሎ ቀጠሮ ስለሰጠኝ ብቻ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ለእኔ መልቀሙም አልሆነልኝም።

ሐኪሙ ከሚገባው በላይ ከፈተው። ሊታይ የማይገባው ቀይ ሥጋ ጥጉ ላይ ተገልጦ ቀረ፤ የዓይኔ ጫፍ ወደ አፍንጫዬ ሾለ፤ ጠባሳው እየደነደነ ሲሄድ ከቆዳዬ ሥር ክር የተወጠረ መሰለ። ዝም ብዬ ስቀመጥ የተቆጣሁ እመስላለሁ። ንፋስ ሲነካኝ እንባዬ ይወርዳል። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ደንበኛ ገንዘብ ሊያወጡ መጥተው ሶፍት በመስኮቱ ሥር አሾልከው ሰጡኝና "ምንም ይሁን ምን ያልፋል፣ የኔ ልጅ" አሉኝ። ተቀብዬ አመሰገንኳቸው፤ ቀጣዩን ደንበኛ ጠራሁ።

ለእህቴ የነገርኳት ሌላ ነው። ስፌቱ ሳይወጣ ሬክስዴል አፓርታማዋ ድረስ ሄጄ "እባጭ ወጥቶብኝ አስወጣሁት" አልኳት። እኛ ዘንድ ሰው ታሞ እንጂ ለቁንጅና ብሎ ቢላ ሥር ተኛ ከተባለ መሳቂያ ነው።

"ምን ዓይነት እባጭ?" አለችኝ።

"እንጃ፣ ለምርመራ ልከውታል።"

ይህቺን ለምን እንደጨመርኳት ዛሬም አላውቅም። እህቴ እዚያው ሳሎኗ ውስጥ ተንበረከከች። የጦቢትን ዓይን ላበራው ለቅዱስ ሩፋኤል ተሳለች፤ "ደህና ነው ይበሏት እንጂ፣ በየዓመቱ ጳጉሜን ሦስት ዳቦ ጋግሬ፣ ጧፍ ይዤ እመጣለሁ" አለች። በሳምንቱ "ደህና ነው አሉኝ" አልኳት። እልልታዋ የጎረቤት በር አስከፈተ። አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ ብርሃን አዞረችና ብዙ አየችኝ። "እባጩ የአባባን ዓይን ይዞት ሄደ" አለች፤ "ግድ የለም፣ አንቺ ተርፈሽልኛል።"

ስለቷን አላጓደለችም። በሁለተኛው ዓመት እንዲያውም በምእመናኑ ፊት ቆማ "የእህቴን ዓይን ከክፉ ያዳነ" ብላ መሰከረች። ሴቶቹ ዞር ዞር እያሉ ዓይኔን አዩ። እንባዬ እንደ ልማዱ ይወርድ ነበርና በደስታ ያለቀስኩ መስሏቸው እነሱም አለቀሱ። ከዳቦው ቆርሰው ሰጡኝ፤ በላሁ። የቆረጥኩት ነገር ይመለስልኝ የሚል ሐሳብ የያዘኝ ያን ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ።

እኛ ሐኪም የምንመርጠው በሰው ነው። ቤት የሚያከራየውም፣ መኪና የሚጠግነውም፣ የታክስ ፎርም የሚሞላውም "እገሌ ጎበዝ ነው" ተብሎ ነው የሚገኘው። እኔ ግን ማንን ልጠይቅ? የሆንኩትን የሚያውቅ ሰው የለም። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ፣ እንደኔ የተበላሸባቸው ሰዎች ዓይናቸውን ብቻ ቆርጠው ፎቶ የሚለጥፉበት ገጽ ላይ መዋል ጀመርኩ። የአንዳቸውንም ስም አላውቅም፤ የዓይናቸውን ጥግ ግን ከዘመዶቼ ፊት ይበልጥ አውቀዋለሁ። አንዷ የመረቀችውን ሐኪም ሌላዋ ትረግመዋለች። የክሊኒክ ስም ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ በማግስቱ እሰርዛለሁ።

የመጀመሪያው ክሊኒክ መግቢያው ሆቴል ይመስላል። ሐኪሙን አላየሁትም፤ ያነጋገረችኝ ጥፍሯ ያማረ ኮንሰልታንት ናት፤ ከእኔ ይልቅ ኮምፒውተሯን ነበር የምታየው። "በጣም ቀላል ነው፤ እግረ መንገዳችንን አፍንጫሽንም እናስተካክለው" አለችኝ። የከተማው ባቡር፣ ስትሪትካር ላይ ተሳፍሬ ብቻዬን ሳቅኩ። ሳቁ አልቆም ብሎ ወደ ሌላ ነገር ሲሄድ ከመውረጃዬ በፊት ወረድኩ።

ሁለተኛው ሐኪም ሽማግሌ ናቸው። በማጉያ መነጽር አዩኝና "የተቆረጠ ቆዳ አይበቅልም፤ አትንኪው፣ ኑሪበት" አሉኝ። ሐቀኛ ሰው ነበሩ። ጠላኋቸው።

ሦስተኛውን ያገኘሁት ወደ ሰሜን ርቆ፣ ከዳቦ ቤት በላይ ባለ አንድ ፎቅ ላይ ነው። ከኮሪያ የመጣ ሐኪም ነው፤ ያ እጥፋት በራሱ ዓይን ላይ አለ። ለምን አስቆረጥሽው ብሎ አልጠየቀኝም። ጣቱን ጠባሳዬ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ዳሰሰው። "የድሮውን አልመልስልሽም" አለኝ በመጨረሻ፤ "ቀዩን ሥጋ የሚሸፍን፣ የድሮውን የሚመስል ነገር ልሞክር እችላለሁ። ጠባሳው እንደገና ሊደነድን ይችላል፤ ከአሁኑ የባሰ ሊሆንም ይችላል።" እሱን መረጥኩ። ከሌሎቹ ይበልጥ ጎበዝ ይሁን አይሁን በምን አውቃለሁ? ዓይኔን ሲያየው ያዘነ ስለመሰለኝ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

"የድሮ ፎቶ አምጪ፤ ፊትሽ ከቅርብ ርቀት የተነሳበት" አለኝ። የለኝም። ካሜራ ሲመጣ ወይ ወደ ጎን እዞራለሁ፣ ወይ ስቄ ዓይኔን እጨፍናለሁ። የፓስፖርቴ ፎቶ ላይ ደግሞ ጥጉን ጥላ ውጦታል። ፊቴ ላይ ሃያ ስምንት ዓመት የኖረ ነገር አንድም ማስረጃ አልተወም። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች የሚሉት ለእኔ ነው። ሐኪሙ ትንሽ አሰበና "የሚመስልሽ የሥጋ ዘመድ አለሽ?" አለ።

እህቴ ኢቶቢኮ፣ ኤርፖርቱ አካባቢ መጋዘን ውስጥ ነው የምትሠራው። በምሳ ሰዓቷ ኮል አደረግኩላት።

"እትዬ፣ የዓይኔን ጠባሳ እንደገና ሊሠሩልኝ ነው። ሐኪሙ ያንቺን ዓይን አይቶ ነው የሚያስተካክለው።"

"እባጩ ተመለሰ እንዴ?" አለች።

"አይ፣ አልተመለሰም። ጠባሳውን ብቻ ነው።"

"አፖይንትመንቱ መቼ ነው? ሺፍት እቀይራለሁ። ዓይንሽን አውጥተሽ ስጫት ቢሉኝም እሰጥሻለሁ እኮ፣ ሚጣዬ።"

እህቴ እንደማታውቅ ለሐኪሙ መንገር ረሳሁ ልበል? አልረሳሁም። አፈርኩ።

ለቤተ ክርስቲያን የምትለብሰውን ሸሚዝ ለብሳ መጣች። ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ያዘች። ሐኪሙ መብራቱን አስጠጋ፣ በትንሽ ማስመሪያ ለካ፣ በቀጭን ብዕር ጥጎቹ ላይ ነጥብ ነጥብ አደረገ፣ ፎቶ አነሳ። ሥራው ደስ እያለው ነበር። "ይኸውና" አለኝ ወደ እኔ ዞሮ፤ ከዚያ ለእህቴ በቀስታ፣ ቃላቱን እየለየ፣ "እህትሽ ለውበት ብላ ያስቆረጠችው ልክ ይሄንን ነው። አንቺ አለመንካትሽ ጥሩ ነው" አላት።

የእህቴ እንግሊዝኛ የመጋዘን እንግሊዝኛ ነው፤ ይህቺ ግን አላመለጠቻትም። አልተነቃነቀችም። ቦርሳዋን የያዙት ጣቶቿ ሲጠብቁ አየሁ። ሐኪሙ "ቀና በይ" ሲላት ቀና አለች፣ "ወደ ግራ" ሲላት ወደ ግራ ዞረች። እስኪጨርስ ድረስ አንዴም ወደ እኔ አላየችም።

በመኪናዋ ትልቁ መንገድ ገባን። ከዚያ "እባጩስ?" አለች።

"እባጭ አልነበረም፣ እትዬ።"

"ለምርመራ ልከውታል ያልሽውስ?"

ወደ መስኮቱ ዞርኩ። መሪውን በመዳፏ መታችው። "በታቦት ፊት አስዋሸሽኝ! ተንበርክኬ እኮ ነው! ያን ሁሉ ሰው ሰብስቤ! አሁን ለሩፋኤል ምን ልበለው? እህቴ ቀልዳብሃለች ልበለው?" እየጮኸች ነዳች፣ እያለቀሰች ነዳች። እውነቱን ልናገርና ስድቡ እፎይታ ነበር። ይገባኛል እያልኩ ተቀበልኩት። እንዲያውም በዚሁ የምታበቃ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ቤቴ በር ላይ አቁማ ሞተሩን አጠፋች። የሐኪሙ የብዕር ነጥቦች ዓይኖቿ ጥግ ላይ እንዳሉ ናቸው። ድምፅዋ ዝቅ ብሎ፣ እኔን ሳታይ ጠየቀችኝ።

"እኔን ስታዪኝ ያስጠላሽ ነበር?"

"ኧረ በፍጹም! አንቺ ላይ እኮ ያምራል" አልኳት።

"ያንቺና የኔ እኮ አንድ ነው" አለች። ሌላ አልጨመረችም። ወረድኩ።

አርባ ዓመት ሊሞላት የነበረች ሴት ናት። ስለ ዓይኗ አስባ የምታውቅ አልነበረችም፤ የአባቷ ነው፣ በቃ። ራሷን የምታይበትን የቀየርኩባት እኔ ነኝ፤ የተማሪ ቤቱን ልጆች ስድብ ይዤ ባሕር ተሻግሬ፣ እነሱ ሲሰድቧት ያልደረሱበት ቦታ አደረስኩት። ይህን ያወቅኩት የቤቴ ደረጃ ላይ ቆሜ ነው። እዚያው ተቀመጥኩ።

የዚያን ዓመት ጳጉሜን ሦስት እህቴ ዳቦ አልጋገረችም፤ ቤተ ክርስቲያንም አልመጣችም። ስደውል አታነሳም። መስከረም ውስጥ የቀዶ ጥገናው ቀን ሲደርስ ክሊኒኩ ወደ ቤት የሚወስድሽ ሰው ከሌለ አንሠራም አለኝ። ቀኑንና ሰዓቱን በቴክስት ላክሁላት። "እመጣለሁ" ብላ መለሰች።

ሐኪሙ የእህቴን ዓይን ፎቶ አሳድጎ ግድግዳው ላይ ለጥፎት ነበር። እያየ ሊሠራ ነው። ከሥሩ ተጋደምኩ። መርፌው ሲገባ ፎቶው ደበዘዘ፤ እስከዚያ ድረስ ግን እያየኝ ነበር። ሲጨርስ "ጥሩ ሄዷል፤ ከወራት በኋላ እናውቃለን" አለኝ። ከወራት በኋላ የሚሆነው አላጓጓኝም።

እህቴ ክንዴን ይዛ ወደ መኪናው መራችኝ። ቀበቶዬን አሰረችልኝ፣ ሹራቧን አውልቃ ጉልበቴ ላይ ጣለችልኝ። ወደ ቤቷ ልትወስደኝ መሆኑን "ሾርባ ሠርቻለሁ" በማለቷ አወቅኩ። ታረቀችኝ ብዬ ልቤ ሊመለስ ምንም አልቀረው። ጭንቅላቴን ወንበሩ ላይ ደገፍ አደረግኩ። ዓይኔ አብጦ በቀጭኑ ብቻ ነበር የሚከፈተው፤ እሷ የተኛሁ መሰላት።

ሬክስዴል ልንደርስ ስንል ቀይ መብራት ያዘን። እህቴ ወደ እኔ ዞር አለችና አየችኝ። ከዚያ የመኪናውን የኋላ ማሳያ መስታወት ወደ ራሷ አዘነበለችው። ሁለት ጣቷን አነሳች፤ የአፍንጫዋን አናት ቆንጠጥ አድርጋ ቆዳውን ሳበችው። አገጯን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አደረገች። እንዲህ ሳደርግ አይታኝ አታውቅም፤ ሁልጊዜ በሩን ዘግቼ ነበር የማደርገው።

አረንጓዴው በራ። ከኋላችን ያለው መኪና ጥሩንባ ነፋ። እህቴ አልለቀቀችም።