አንዳችን ሁልጊዜ ጾመኛ

ጓደኛዬ ከአሌክሳንድሪያ ወደ ዳላስ ሙቭ ሊያደርግ መሆኑን የነገረኝ ኤርፖርት፣ ታክሲዎቻችንን ሰልፍ አሲዘን ተራ ስንጠብቅ ቆመን ነው። ቆመን ስል እሱ ቆሞ፣ እኔ ዙሪያውን እየዞርኩት ማለቴ ነው፤ እኔን አንድ ቦታ የሚያቆም ነገር ገና አልተፈጠረም።

"ስማ" አለኝ፣ "ከመሄዴ በፊት ራሳችን የያዝነውን ዓሣ ከአንድ ሰሃን እንበላለን። ካልሆነ ይህን ሁሉ ዓመት ጓደኛሞች ነበርን ብለህ ለማንም እንዳታወራ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። እሱ የወሎ ሙስሊም ነው፣ ሐይቅ ዳር ያደገ። እኔ የአዲስ አበባ ክርስቲያን ነኝ፣ ውኃ የማውቀው በባልዲ ነው። እሱ ያረደውን እኔ አልበላም፣ እኔ ያረድኩትን እሱ አይበላም። ለልጄ ክርስትና እሱ ሽሮ በላ። ለእሱ ኢድ፣ ሽታው ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ የሚሰማ በግ ተጠብሶ እያለ፣ እኔ ሽሮ በላሁ። በመካከላችን ያለቀው ሽሮ አንድ ወረዳ ይቀልባል። ዓሣ ግን ቢላ አይጠይቅም፤ የእሱም የእኔም ነው። ሬስቶራንት አዝዘንማ ስንቴ በልተናል። ያ ለእሱ አይቆጠርም፤ "የክሬዲት ካርድ ዓሣ" ይለዋል።

ዳላስ የሚባል ነገር ሳይነሳ ገና ድሮ፣ ለዚህ ብለን ነው ካናዳ ድንበር አጠገብ ሐይቅ ላይ ሰው እየመራ ዓሣ የሚያስጠምድ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ያገኘነው። ሰውየው በዓመት የሚናገረውን እኔ አንድ ቀይ መብራት ላይ እጨርሰዋለሁ። ጠዋት በጀልባው ይዞን ይዞራል፤ እኩለ ቀን ላይ ዳር ያወጣንና የያዝነውን እሳት አንድዶ ይጠብስልናል። የአገሩ ደንብ ነው።

መጀመሪያ የሄድነው በፀደይ፣ በረዶው ሐይቁን እንደለቀቀ ነበር። ዓሣው ተርቦ ያገኘውን ይጎርሳል። ግን ሁዳዴ ነበር፤ እሱ በላ፣ እኔ ድንጋዮቹን ስዞር ዋልኩ። በሰመር ስንሄድ ረመዳን ሆነ። ሙቀቱን ሸሽቶ ታች የተኛው ዓሣ ጋ መንጠቆው እስኪደርስ ሰው ጢም ያበቅላል። እኔ በላሁ፣ እሱ ፀሐይዋን እያየ ተቀመጠ። እዚያ ሰሜን የሰመር ፀሐይ የምትገባበት ቤት ያላት አይመስልም። በዊንተር በረዶውን በስተን ቀዳዳው አፍ ላይ ስንቀመጥ ደግሞ የገና ጾም ገብቶ ነበር።

"እናንተ ሰዎች የምትበሉት መቼ ነው?" አለን ሽማግሌው በመጨረሻ።

"በተራ ነው" አልኩት።

የዳላሱ ጉዳይ ሲመጣ ግን ቀልዱ አለቀ። ካላንደር ዘረጋሁ። ረመዳን አልፏል፣ ፍልሰታ አልፏል፣ የገናው ገና ነው። ቅጠሉ የሚቀላበት፣ ዓሣውም ለብርዱ ሊጠግብ ወደ ዳር የሚጠጋበት ጊዜ ነው። ሽማግሌው ክፍት ያለው አንድ ቀን ብቻ ነበር፤ የጓደኛዬ ዕቃ የሚጫነው ደግሞ በማግስቱ። ሁለቴ ሳላስብ ያዝኩት።

ጀልባው ላይ መንጠቆዬን አሁንም አሁንም እያወጣሁ አየዋለሁ። እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ።

"ተው እንጂ አንተ ሰውዬ!" አለኝ ጓደኛዬ። "ዓሣው ቁርሱን በሰላም ይብላበት!"

"ልቀሰቅሰው ብዬ ነው።"

"ሞተሩ ጠፍቶም በአንተ እግር እየሄድን ነው።"

ወዲያው የእሱ ክር ተወጠረ። ያወጣው ዓሣ ጥጃ ያክላል። እሺ፣ የጥጃ ጭንቅላት። ሽማግሌው ቁመቱን ለካውና ሕጉ እንደሚፈቅደው ራሱን ነቀነቀልን። ዳር ወጣን፤ እሳቱ ተያያዘ፣ ዘይቱ ጋለ። ጓደኛዬ ድንገት ቀና አለ።

"ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?"

"ጥቅምት ነዋ።"

"ቀኑን ነው የምልህ!"

ረቡዕ ነበር። ትልልቆቹን ጾሞች ሳሳድድ በየሳምንቱ ደጄ የሚመጣውን ረስቼው!

"እበላለሁ" አልኩ።

"አትበላም።"

"ምን አገባህ? ጾሙ ያንተ ነው?"

"በእኔ ምክንያት ጾም ፈታ ይበሉኝ? ይሄን ተሸክሜ ዳላስ ልግባ?"

"ዓሣ ይፈቀዳል የሚሉ አሉ እኮ።"

"እናትህ ይላሉ?"

"እናቴን እዚህ ምን አመጣቸው!"

ስልኬን ይዤ ሲግናል ፍለጋ አለቱ ላይ ወጣሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ላሉት የንስሐ አባቴ ኮል አደረግሁ። ሽማግሌው የጸዳውን ዓሣ በእጁ ይዞ፣ መጥበሻው እየጨሰ፣ ወደ ላይ ያየኛል።

"አባ፣ ረቡዕ ዓሣ ይበላል?"

"ከማን ጋር ነህ?"

ነገርኳቸው። ዳላሱንም፣ ሽሮውንም፣ ሁሉንም።

"እሱ ምን አለህ?"

"አትብላ አለኝ፣ አባ።"

"ታዲያ ከእኔ ምን ፈለግህ?" ብለው ዘጉት።

ዓሣውን በረዶ የሞላ ኩለር ውስጥ ከተትነው። ሽማግሌው ራሱን እየነቀነቀ ዘይቱን እሳቱ ዳር ትቶ ሳንድዊቹን ብቻውን በላ። መንገዱን ሙሉ በየነዳጅ ማደያው እየወረድኩ ኩለሩን ከፍቼ አየሁት፤ ዓሣው ተነስቶ የሚሄድ ይመስል።

ሐሙስ ጠዋት አሌክሳንድሪያ ስንደርስ ትራኩ ደጃፉ ላይ ቆሟል። የጓደኛዬ ሚስት ኩለሩን አየች፣ እኛን አየች።

"መጥበሻውን ፓክ ካደረግሁ በኋላ?" አለች። "አንተስ ወንድሜ፣ አንድ ቀን እንኳ ሰው ብትሆን ምን አለበት?"

እየተቆጣች ያሸገችውን ካርቶን ቀደደች። መጥበሻ ተገኘ፤ ሰሃን ግን ከታች፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ነው። ዓሣው በድስት ክዳን ቀረበ። ባዶው ወለል ላይ ቁጭ አልን። እሱ ቢስሚላህ አለ፣ እኔ አማተብኩ፣ ሁለታችንም እጃችንን ሰደድን። ሶፋው በጭንቅላታችን ላይ አለፈ።

"ጨው የለውም" አልኩ።

"ጨዉ ተጭኗል። ካማረህ ዳላስ ድረስ ና።"

ከሆዱ በኩል ያለውን ለስላሳውን ቆርሶ ወደ እኔ ገፋልኝ። መልሼ ወደ እሱ ገፋሁት። ውጭ የትራኩ ሾፌር ጥሩምባውን ነፋ፤ ደግሞ ነፋ። ሚስቱ በመስኮት ብቅ ብላ፣ "ጠብቅ፣ እየበሉ ነው!" አለችው፣ በአማርኛ።