የመከላከያው ፊውዝ

ሰውየው የሸሚዙን ቁልፎች አዛንፎ ቆልፏል። ለቤቱ የመብረቅ መከላከያ ደጋፊ ፊውዝ ሊገዛ መጥቶ፣ ፊውዙን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ያዛውራል። የኤሌክትሪክ ዕቃ ሻጯ እንደገና አስረዳችው።

“ጋሼ፣ መጠኑስ መከላከያው ላይ ተጽፏል። እርስዎ የሚመርጡት ቦታውን ነው። ዋናው መስመር ላይ ካስገቡት፣ ፊውዙ ሲቃጠል የቤቱ መብራት አብሮ ይጠፋል። የመከላከያው መስመር ላይ ብቻ ካስገቡት መብራቱ ይቆያል፤ ግን መከላከያው ስለሚቋረጥ ቀጣዩ መብረቅ ዕቃዎን ይበላዋል።”

“መጥፋትም መቃጠልም የሌለበት ዕቃስ፣ ልጄ?”

“እሱማ የለም፤ ከሁለት አንዱን ነው የሚመርጡት።”

ሰውየው አንገቱን ወደ ደረት ኪሱ ሰበረ። እዚያ ያልተዘጋ ስልክ አለ፤ እፍ… እፍ… ይላል። መስመሩ ተበላሽቶ መሰላት።

“ይዝጉትና በደንብ ይስሙኝ እንጂ” አለችው ሰልችቷት።

አልዘጋውም። ወዲያው የሱቁ መብራት ድርግም ብሎ ተመለሰ። እሷ ወደ አምፖሉ ቀና ስትል፣ እሱ ስልኩን አውጥቶ ጆሮው ላይ ለጠፈው። ትንሽ ቆይቶ፣ ላብ ባረጠበው ግንባሩ ወደ እሷ ዞረ።

“የባለቤቴ መተንፈሻ ማሽን አልቆመም” አለ። “እየተነፈሰች ነው።”

ሻጯ ፊውዙን ተቀበለችው፤ ሳታውቀው እሷም ከአንድ እጇ ወደ ሌላው ታዛውረው ጀመር።