ደርሷል ብዬ ምልክት ያደረግሁባቸው ሣጥኖች

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ጎንደር እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ከዚያ ወዲህ፣ እስራኤል ከመጣሁም በኋላ፣ እርሳስ የያዝኩት ስም ዝርዝር ላይ ምልክት ለማድረግ ብቻ ነው። ይህን የምጽፈው በጸሎት ቤታችን የወጣቶች ቡድን ውስጥ ምግብ ለማደል አዲስ ለሚገቡት ልጆች ነው። በቃል ንገሪያቸው ብባል ኖሮ እምቢ እል ነበር፤ ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም።

የመጀመሪያ ቀኔ ሐሙስ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ቴል አቪቭ ቢሮ ሳጸዳ ውዬ፣ ከባቡር ወርጄ በቀጥታ ወደ ሰፈራችን ክርያት ሞሼ መጣሁ። ማሕሳን የምንለው የምግብ መጋዘናችን ከጸሎት ቤቱ ሥር ነው። አስተባባሪዋ ዝና ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አቆመችኝ።

«ዘይትና ስኳር ከታች። ምስርና ሩዝ መሐል። እንቁላል ከላይ። ገባሽ?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ምላስ የላትም እንዴ?» አለች ለሌሎቹ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

አንድ ዓመት ሣጥን ሞላሁ። ቀጥሎ ማሸጊያ ፕላስተር ያዝኩ። በሦስተኛው ዓመት ጋሪና ስም ዝርዝር ተሰጠኝ፤ ሐሙስ ሐሙስ አሥራ ሁለት ቤት ማድረስ። አብዛኛው ሕንጻ አሳንሰር የለውም። ሣጥኑ በክንድ ሳይሆን በወገብ ነው የሚወጣው።

ደንባችን አጭር ነው፦ ሣጥኑን በር ላይ አስቀምጠሽ፣ አንኳኩተሽ፣ ሳይከፈት ውረጂ። ሰው ርዳታ ሲቀበል እንዳይታይና እንዳያፍር ተብሎ የወጣ ነው። እኔ ደንቡን ወደድሁት። ከማንም ጋር መነጋገር የለብኝም። አንኳኩቼ እሮጥና ታች ስደርስ «ደርሷል» የሚለው ላይ ምልክት አደርጋለሁ።

አባ አለባቸው ሦስተኛ ፎቅ ይኖራሉ። አገር ቤት የቤተ እስራኤል ቄስ ነበሩ፤ አሁን አርጅተው ብቻቸውን ናቸው። ሁለት ወር ያህል በራቸው ላይ ሣጥን አስቀምጬ ሮጥሁ።

አንድ ሐሙስ ሁለተኛ ፎቅ ያለች ሴት ደረጃው ላይ ያዘችኝ።

«አንቺ ነሽ ሣጥን እየጣልሽ የምትሮጪው?»

«አዎ።»

«አባ እኮ አይነኩትም። እስከ ዓርብ በር ላይ ይቆያል። ውሰጅው ስላሉኝ እኔ ነኝ የማነሣው።»

«እሳቸው ታዲያ ምን ይበላሉ?»

«ሻይና ዳቦ። ክሳታቸውን አላየሽም?»

አላየሁም። ፊታቸውን አንድ ቀን እንኳ አላየሁም ነበር። ኪሴ ውስጥ ያለው ወረቀት ግን ሁሉም ደርሷል ይላል።

ማሕሳን ተመልሼ ለዝና ነገርኋት።

«ደንብ ደንብ ነው» አለች ሣጥን እየቆጠረች። «ዛሬ አንዱ ቤት ከገባሽ ነገ ሁሉም ቤት ነው። ሰው ያፍራል።»

«አይበሉም።»

«ምን አልሽ? አልሰማሁሽም።»

«አይበሉም አልሁ!»

ፕላስተር የያዙት ሁሉ ዞረው አዩኝ። ዝና እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰካች። «ቤሰደር፣ እሺ» አለች። «ለእሳቸው ብቻ። እኔም ምላስ የላትም ብዬ ነበር።»

በሚቀጥለው ሐሙስ አንኳኩቼ ቆምሁ። አባ ከውስጥ «ማን ልበል?» አሉ።

«ሣጥን ነው።»

«ሣጥኑንስ አውቀዋለሁ። አንቺ ማን ነሽ?»

በሩን ከፈቱት። አንገታቸው ቀጥኖ የሸሚዛቸው ኮሌታ ሰፍቶባቸዋል። ስሜን ነገርኋቸው። የማን ልጅ እንደሆንሁም ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው።

«አባ፣ ለምን አይወስዱትም?»

«ማንን መርቄ ልብላው? እኔ ሰው ሲሰጠኝ መርቄ ነው የምቀበል። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲያ ነው። ውሻ እንኳ ሲሰጡት ና ብለው ጠርተው ነው። አንቺ ወርውረሽ ትሮጫለሽ።»

«የእኔ እኮ አይደለም። የብዙ ሰው ነው።»

«ብዙውን ሰው አላየሁትም። አንቺን ግን አየሁሽ። ነይ ግቢ።»

ቆመው መረቁኝ። ረጅም ነበር። እኔ አሜን እያልሁ ታች ያለውን ጋሪና የቀሩትን ቤቶች አስባለሁ። ሲጨርሱ ሣጥኑን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ከላይ ካለው እንቁላል ሁለቱን እዚያው ቆሜ ሳለሁ ጣዱ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ ዘገየሁ። ልጆቹ ከታች «ያላ፣ ቶሎ በይ! ተመረቅሽ ወይስ ተዳርሽ?» እያሉ ይጮኹ ነበር። የመጨረሻዎቹ ቤቶች ላይ ስደርስ ጉልበቴ አይታዘዘኝም። ምርቃቱ ድካሜን አልቀነሰልኝም፤ ቀነሰልኝ ብል ውሸት ነው።

ዘንድሮ ሐኪሙ ወገቤን አይቶ ከእንግዲህ ሸክም የለም አለኝ። አሁን ተቀምጬ ስም ዝርዝሩን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። አዲስ ስም ሲመጣ መጀመሪያ አስጠይቃለሁ፤ በር ላይ ይቀመጥልዎት ወይስ በእጅዎ ይቀበላሉ? ለአንዱ በር ላይ መተው ክብር ነው፤ ለሌላው ስድብ። ሳይጠየቅ አይታወቅም። የተማርሁት ይህን ነው።

ባለፈው ሐሙስ ተተኪዬን ሊያትን ይዣት ወደ አባ ወጣሁ። እዚህ ነው የተወለደችው፤ አማርኛዋ ጥቂት ነው። ስሟን ጠየቋት፤ መረቋት። ሣጥኑን ተቀበሏት።

እኔም ከእንግዲህ ሣጥን እንደማላመጣ ነገርኋቸውና ልሰናበታቸው ጎንበስ አልሁ። እጄን አልለቀቁኝም።

«ያለ ሣጥን መምጣት ክልክል ነው ያለሽ ማነው?» አሉኝ።