የሚመር ሁሉ ኮሶ አይደለም

«አስባልሽ ነው» የሚሉኝ ሁሉ ያበሽቁኛል። እናቴ አስባልኝ እንደነበር አውቃለሁ። እያሰበችልኝ ልትገድለኝ ነበር።

ሉፐስ የሚባል ሕመም አለብኝ። የገዛ ሰውነቴ መገጣጠሚያዬንና ኩላሊቴን እንደ ጠላት ይወጋል። ስድስት ዓመት ሙሉ በየማለዳው እህል ቀምሼ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ክኒን ውጫለሁ። ፊቴን አሳብጦታል፤ ከአልጋ ያነሳኝም ግን እሱ ነው። ሳረግዝ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል የምትከታተለኝ ሐኪም መጠኑን አስተካክላ፣ ስኳሬንና ግፊቴን እየለካች፣ «ቀጥይ፤ በራስሽ እንዳታቆሚ» አለችኝ። ቀጠልኩ።

በእኛ አገር የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። ሰባት ወር ሲሞላኝ ባሌ ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ወዳለው ወደ እናቴ ቤት አደረሰኝ። በማግስቱ እናቴ አንዷን ክኒን በምላሷ ጫፍ ቀመሰችና እንትፍ አለች።

«ኧረ በማርያም! ይኸማ ኮሶ ነው!»

ኮሶ ነፍሰ ጡርን እንደሚያስወርድ በአካባቢያችን የማያውቅ ሴት የለም። ለእናቴ ደግሞ የሚመር ሁሉ ኮሶ ነው። ሳቅኩባት። «የሐኪም መድኃኒት ነው እማ» ብዬ ብልቃጡን ትራስጌዬ አስቀመጥኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ሐሙስ ጠዋት ብልቃጡ የለም። እናቴ አብራኝ ፈለገች። ፍራሹን አነሳች፣ ጎታው ሥር ጎንበስ ብላ አየች፣ «ይኸን ነገር ምን ዋጠው!» አለች። እኔም ሞኟ፣ ሰኞ ቀጠሮ ስላለኝ እስከዚያ ብታገሥ ምን እሆናለሁ አልኩ። በዚህ ራሴንም ይቅር አላልኩም።

ቅዳሜ ያስመልሰኝ ጀመር። እናቴ «የእርግዝና ነው» እያለች አጥሚት አቀረበችልኝ። እሑድ እናቴና ጎረቤቶች ከቅዳሴ ሲመለሱ ደጃፉ ላይ ወድቄ አገኙኝ። ጎረቤቶች በቃሬዛ እስከ አስፋልቱ ተሸከሙኝ፤ ከዚያ በባጃጅ ሆስፒታል አደረሱኝ።

ተረኛው ሐኪም ግፊቴን ለክቶ ደነገጠ። የምወስደውን መድኃኒት ስም እንደምንም ነገርኩት፤ ከሐሙስ ጀምሮ እንዳልወሰድኩም ጨመርኩለት።

«ማነው ያስቆማት?» ብሎ ጮኸ። መድኃኒቱን ለዓመታት የወሰደ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረት እንደሚተው፣ በአንድ ጊዜ ከተቋረጠበት እናትም ልጅም ሊሞቱ እንደሚችሉ ነገራቸው።

እናቴ መቀነቷን ፈታች። ብልቃጡን ከውስጡ አውጥታ ሰጠችው። ያን ሁሉ ቀን፣ ፍራሽ ስታገላብጥልኝ፣ ወገቧ ላይ ታስሮ ነበር! አቅም ቢኖረኝ ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም።

መርፌ ወጉኝ፣ ግሉኮስ ሰኩልኝ። ቀስ በቀስ ዓይኔን መግለጥ ቻልኩ። ሐኪሙ ሆዴን አዳመጠና «የፅንሱ ልብ ደህና ይመታል» አለ። እናቴ ክፍሉን በእልልታ አቀለጠችው። ተንበርክካ መሬቱን ሳመች።

«ተመስገን! ልጃችን ተረፈልን!»

ከመጣን ጀምሮ እኔን እንዴት ነሽ አላለችኝም። እጄን እንኳ አልነካችም።

«እማ» አልኳት፤ «ያንቺ ልጅ እኮ እኔ ነኝ።»

እልልታዋን አቆመች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ልታቅፈኝ መጣች። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩባት።