ያን ሁሉ መስታወት ማን ይወለውለዋል?

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጀርመን፣ ቦናመስ ሰፈር የሚገኘውን የእማዬን ቤት ላስረክብ ሳጸዳ፣ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ የድሮውን ካላንደር እንደተሰቀለ አገኘሁት። እማዬ ነፍሷን ይማረውና፣ ኒደርራድ የሚባል ሰፈር ቢሮ ስታጸዳ ሊጣል ሲል ያዳነችው፣ የፈረንሳይ ቤተ መንግሥቶች ፎቶ ያለበት፣ ዓመቱ ካለፈም በኋላ አላወርድም ያለችው ካላንደር ነው። ዛሬም የቁሌት ሽታዋ አልለቀቀውም።

ያኔ አሥር ዓመቴ ነበር። ከሥራ ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ "እስኪ እነዚያን ፈረንሳዮችሽን አንብቢልኝ" ትለኝና፣ ከፎቶዎቹ ሥር ያለውን ጀርመንኛ እተረጉምላታለሁ። ለንግሥት የተሠራው የሉክሰምበርግ ቤተ መንግሥት በአብዮቱ ጊዜ እስር ቤት እንደነበር፣ አሁን ደግሞ ምክር ቤት እንደሚሰበሰብበት ስነግራት "ጉድ እኮ ነው! ንግሥቲቱም እስረኛውም ሹሙም በአንድ ጣሪያ?" ብላ ትስቃለች። መጨረሻ ላይ ግን ጥያቄዋ ሁሌም አንድ ነበር፤ ይሄን ሁሉ ማን ነው የሚወለውለው? በተለይ የቬርሳይ የመስታወት አዳራሽ እንቅልፍ ነሥቷታል። "መስታወት ነገረኛ ነው፤ አንድ ጣት ከነካው አለቀልሽ። ምናለ አንድ ቀን በዓይኔ ባየው!"

ሰባተኛ ክፍል ስደርስ ትምህርት ቤታችን ቬርሳይ ሊወስደን ሆነ፤ የላኩልን ብሪፍ፣ ደብዳቤው ማለቴ ነው፣ ወላጅም አብሮ መሄድ ይችላል ይላል። ቤታችን የሚመጣውን ብሪፍ ሁሉ የምተረጉመው እኔ ነኝ፣ እሷ እኔን አምና ትፈርማለች። አውቶቡስ ውስጥ ለክፍሉ ሁሉ ዳቦ ቆርሳ ስታድል፣ አስጎብኚውን ያቺኑ ጥያቄዋን በእኔ አፍ ስታስጠይቅ ታየኝና አፈርኩባት። "ተማሪ ብቻ ነው" አልኳት። ፈረመች። ስመለስ ገና ከበሩ የጠየቀችኝ ያንኑ ነበር፤ እኔ እቴ፣ ከጓደኞቼ ጋር ፎቶ ስነሣ መቼ አይቼ!

ከዚያ የወላጆች ስብሰባ መጣ። አስተማሪዬ ለእማዬ "ምነው አብረውን ሳይሄዱ ቀሩ? ሌሎች እናቶች ነበሩ" አለቻት። ልተረጉም አፌን ስከፍት እማዬ ቀደመችኝ፤ በተሰባበረ ጀርመንኛዋ "ልጄ ብሪፉን ተሳስታ ነው፤ ጀርመንኛ ከባድ ነው" አለች። በጀርመንኛ ከክፍሉ አንደኛ እንደነበርኩ ሁለቱም ያውቃሉ። ቤት ስንገባ እንደ ወትሮው ራቴን አቀረበችልኝ። ምነው በገረፈችኝ!

ካረፈች በኋላ ብቻዬን ቬርሳይ ሄድኩ። አዳራሹ ሊዘጋ ሲል በእማዬ ዕድሜ ያለች ሴት ጨርቅ ይዛ መጣች፤ መስታወቱ ላይ የጣት አሻራ አየችና ራሷን ነቀነቀች። ማን እንደሚወለውለው አሁን አውቄያለሁ፤ የምትጠይቀኝ ግን የለችም።